ውሻህን በእጅህ እጠበው

«ሰው ጠፍቶ ነው ውሻ የምታጥቢው?»

በጥያቄ መልክ ይምጣ እንጂ ይህ ፍርድ ነው። በሚኒሶታ የምንኖርና ውሻ ያለን ኢትዮጵያውያን በአንድም በሌላም መልኩ ሰምተነዋል፤ በምርቃት ድግስ ላይ፣ ቡና በተፈላበት ቤት፣ ከቅዳሴ መልስ መኪና ማቆሚያው ላይ። አንዳንዴ በሳቅ ይመጣል፣ አንዳንዴ በእናት ምክር። ማሰሪያው ግን አንድ ነው፦ «ፈረንጅ ሆነሻል።»

በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚህ ፍርድ ጋር ነው። ውሻን በገዛ እጅ ማጠብ፣ ማበጠር፣ ጥፍሩን መቁረጥ፣ ጆሮውን ገልጦ ማየት የፈረንጅ ቅብጠት አይደለም። ከብት ያረባና ፈረስ የቀለበ ሕዝብ ከማንም ሳይማር የሚያውቀው ሥራ ነው። ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ውሻን በር ላይ አስሮ፣ ትርፍራፊ ወርውሮ፣ ዓመት ሙሉ በእጅ ሳይነኩ ማኖር ላይ። ይህ ነውር ደግሞ የውሻው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አገር ቤት ውስጥ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

የምኖረው ሆፕኪንስ ነው። ሆፕኪንስ ከሚኒያፖሊስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ በየጁላይ በምታከብረው የራዝቤሪ በዓል የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት። የንጽጽር ሥነ ጽሑፍ የዶክትሬት ተማሪ ነኝና ያለኝ ሀብት መጽሐፍና አንድ ጸጉራም ውሻ ነው። እዚህ አገር አንድ ውሻ አሳጥቦና አስተካክሎ ለመውሰድ እንደ ውሻው መጠን ከ50 ዶላር እስከ 100 እና ከዚያም በላይ ይጠየቃል። በተማሪ ደመወዝ ይህ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ባኞ ቤት ውስጥ ተንበርክኬ ራሴ አጥበዋለሁ። ችግር ያስጀመረኝን ሥራ ዛሬ ግን ገንዘብ ቢኖረኝም አልተወውም። ምክንያቱን ላስረዳ።

የሚኒሶታ ክረምት ምን እንደሚመስል እዚህ ለሚኖር አይነገረውም። መንገዱ ሁሉ በረዶ ማቅለጫ ጨው ይነሰነስበታል። ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ስለዚህ ወገኖቼ በጃንዋሪ ብርድ መኪና ማጠቢያ ደጃፍ ላይ ተሰልፈው፣ ከመኪናቸው ሆድ ሥር ጨው ለማስለቀቅ ገንዘብ ሲከፍሉ አያለሁ። ብልህነት ነው። «ሰው ጠፍቶ ነው መኪና የምታጥበው?» ያላቸው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያው ጨው የውሻውንም መዳፍ ይሰነጥቃል፤ ሲልሰው ደግሞ ሆዱን ያውከዋል። በጣቶቹ መካከል ያለው ፀጉር ካልተከረከመ በረዶው ላዩ ላይ ተጋግሮ እንደ ጠጠር ይደድርና በእያንዳንዱ እርምጃ ይወጋዋል። ከውጭ በተመለሰ ቁጥር እግሩን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ጣቶቹን አላቆ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከብረት ላይ ጨው ማጠብ ብልህነት፣ ከሥጋ ላይ ማጠብ እብደት የሚሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ መዥገር ይመጣል። ሚኒሶታ ላይም የተባለው በሽታ ከሚበዛባቸው የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ ናት። በሽታውን የምታስተላልፈው መዥገር ሳትጠግብ የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች፤ በዓይን ሳይሆን በጣት ነው የምትገኘው። የእንስሳት ሐኪሞቹ የሚሰጡት ምክር ግልጽ ነው፦ ውሻው ከሣር ሲመለስ ጆሮው ውስጥ፣ ብብቱ ሥር፣ ጣቶቹ መካከል፣ ጭኑ ውስጥ፣ ጅራቱ ሥር ፈልግ። ይህን ምክር መጀመሪያ ሳነብ ሳቄ መጣ። እረኛ ሆኖ ያደገ የጎጃም ወይም የአርሲ ልጅ ይህን ካርታ ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። ላሚቱ ጡት ሥር፣ በሬው ጆሮ ውስጥ፣ ጥጃው ጅራት ሥር መዥገር ሲለቅም ነው የዋለው። ስለዚህ ውሻዬን ሳበጥር ከፈረንጅ የተበደርኩት ነገር ቢኖር ሻምፑው ብቻ ነው። የእጁ ዕውቀት የእኛው ነው።

ፈረሱንም እንመልከት። በአዊ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የጊዮርጊስ ዕለት ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰበሰቡ ፈረሶቹ በጌጥ ተንቆጥቁጠው ነው የሚቀርቡት። ያንን ፈረስ ያጠበና ያሳመረ ሰው አልተሳቀበትም፤ ተወድሷል። የነገሥታቱ የክብር ስምስ ከየት መጣ? አባ ታጠቅ፣ አባ በዝብዝ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል፤ ሁሉም የፈረስ ስም ናቸው። መንዝ ላይ በግ ሲሸለት፣ ከፀጉሩ ባና ሲሠራ የሸላቹ እጅ አልረከሰም። እንግዲህ እኛ እንስሳ መንከባከብ የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። አንድን እንስሳ ብቻ ነጥለን ከእጃችን ያወጣን ሕዝብ ነን።

ያወጣነው ደግሞ በቋንቋችን ጭምር ነው። በግእዝ ውሻ «ከልብ» ይባላል። በአማርኛ «ከልብ» ስንል እውነተኛውን፣ ያልተቀላቀለውን ስሜት ማለታችን ነው። የቃላቱ ሥር የተለያየ ነው፤ አጋጣሚው ግን ደስ ይለኛል። ከዚያ ውጭ ያለው የቃል ሀብታችን ለውሻ አይራራም። በከንቱ ለሞተ ሰው «የውሻ ደም ሆኖ ቀረ» እንላለን። በማያገባው የገባውን «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» እንለዋለን። ታማኝነቱን ስንመሰክርለት እንኳ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ፍቅሩን ለእንጀራ እንደተከፈለ ዋጋ አድርገን። ሰው ስንሳደብ ደግሞ ስሙ ብቻውን ይበቃናል፤ ቅጽል አያሻውም። ምሳሌያዊ አነጋገር ይጣል አልልም። ነገር ግን ተረት ሲደጋገም እጅን ያስራል። በልጅነቱ «አትንካው!» እየተባለ ያደገ ሰው አርባ ዓመት ሲሞላው ሚኒሶታ ላይ ለልጆቹ ውሻ ይገዛና በአንድ ክንድ ርቀት ያኖረዋል።

በሙያዬ የማነባቸው መጻሕፍት በዚህ ነገር ላይ ዝም አላሉም። ሆሜር በኦዲሴይ 17ኛ መጽሐፍ ላይ ከሃያ ዓመት በኋላ ለማኝ መስሎ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ኦዲሲየስን ከሰው በፊት ያወቀው ውሻው አርጎስ እንደነበር ይተርካል። ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው የውሻውን ታማኝነት ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን ውሻው የተኛበት ቦታ ነው፤ በር ላይ ከተከመረ ፋንድያ ላይ፣ ገላው መዥገር ወርሶት። ያ ቤት ጌታ እንደሌለው፣ አገልጋዮቹም ሥራቸውን እንደተዉ ባለቅኔው የነገረን በውሻው ፀጉር ነው። ግንቡ አልፈረሰም፣ ግብሩም አልተቋረጠም፤ ውሻውን የሚነካ እጅ ግን ጠፍቷል። የአንድ ቤት ውድቀት እንዲህም ይነበባል።

ወደ ራሳችን መጻሕፍት ብንመጣ ቤተ ክርስቲያናችን በቀኖናዋ የምትቆጥረው መጽሐፈ ጦቢት አለ። የጦቢት ልጅ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ሩቅ መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮ ይወጣል፤ ሲመለሱም አብሮ ይመለሳል። ማንም አላባረረውም፣ መልአኩም አልተጸየፈውም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ደግሞ በባለጸጋው ደጅ የወደቀውን አልዓዛርን ተመልከቱ። ባለጸጋው አልነካውም፤ ወደ ቁስሉ የቀረቡት ውሾች ነበሩ። ይህን የምጠቅሰው ትርጓሜ ላስተምር አይደለም። «ሃይማኖታችን ውሻ ይጸየፋል» የሚለው አጭር አነጋገር ከመጽሐፉ ያጠረ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ውሻና እንክብካቤ ሲነሳ ዓለም ስለ እኛ የሚያውቀው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ሪሻርድ ካፑሽቺንስኪ የተባለው ፖላንዳዊ ጋዜጠኛ በ1978 ባሳተመው ንጉሠ ነገሥቱን በሚመለከት መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ፣ ሉሉን፣ ያስተዋውቀናል። ውሻው በመኳንንቱ ጫማ ላይ ይሸናል፤ አንድ አገልጋይ በሐር ጨርቅ ይጠርጋል፤ መኳንንቱም ንቅንቅ አይሉም። የመጽሐፉ እውነተኛነት ሲያከራክር ኖሯል፤ ሉሉን እንኳ የጃፓን ዝርያ ይለዋል፣ በፎቶግራፍ የምናየው ግን ቺዋዋ ነው። ያም ሆኖ ምስሉ ተቀርጾ ቀርቷል፦ የተሞላቀቀ ውሻ፣ የተዋረደ ሰው። አብዮቱን ያየው ትውልድም ተመሳሳይ ምስል በአእምሮው ይዟል፤ ውሻ ሥጋ ሲበላ ሕዝብ የተራበበትን። ስለዚህ የዛሬው ሳቅ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ከሥሩ የቆየ ቁጣ አለ። ቁጣውን አከብራለሁ። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ያለው ውርደት ምን እንደሆነ ልብ እንበል። ሰው የውሻውን ንጽሕና በመጠበቁ አልተዋረደም። ባለቤቱ ማጽዳት የሚገባውን ሌላ ሰው እንዲያጸዳ በመደረጉ ነው የተዋረደው። የዚያ ታሪክ ማረሚያ ውሻውን መጥላት ሳይሆን ጨርቁን ራስ ማንሳት ነው።

«አገር ቤት ሰው እየተራበ፣ እየተፈናቀለ፣ አንቺ የውሻ ፀጉር ታበጥሪያለሽ?» የሚለውን ሙግት አላቃልለውም። ከሚቀርቡት ሁሉ ከባዱ ነው። ግን ማንን እንደሚመታ እንይ። አንድ ብሩሽ፣ አንድ የብረት ማበጠሪያ፣ አንድ ጥፍር መቁረጫ፣ አንድ ጠርሙስ የውሻ ሻምፑ፤ በአንድ ቀን የማስተካከያ ቤት ሒሳብ ተገዝተው ለረጅም ጊዜ ያገለግላሉ። ቀሪውን ገንዘብ አገር ቤት መላክ ይቻላል። ሙግቱ የሚመታው እንግዲህ ከፍሎ የሚያሠራውን እንጂ ተንበርክኮ የሚያጥበውን አይደለም። ደግሞስ ለሠርግ ሊሙዚን፣ ለምርቃት አዳራሽ የሚወጣው ገንዘብ ላይ ያልተነሳ ረኀብ ለምን ባኞ ቤት ውስጥ ብቻ ይነሳል?

የጸሎት ንጽሕናን የሚያነሱም አሉ። ውሻ ቤተ መቅደስ ይግባ፣ አልጋ ላይ ይተኛ አላልኩም። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሥርዓት እንደተጠበቀ ይቆይ፤ ታጥቦ መጸለይ ይቻላል። በእስልምናም ቢሆን ለተጠማ ውሻ ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተሰረየለት የሚተርክ ሐዲስ አለ። የንጽሕና ሥርዓት የጭካኔ ፈቃድ ሆኖ አያውቅም።

«የፑድል ፀጉር ቅርጽ ማውጣትስ ምን ይባላል?» ለሚለኝ ሰው፣ ያንን ቅርጽ እኔም አልወደውም። ግን ታሪክ አለው። ፑድል ከውሃ ውስጥ የታደነ ወፍ የሚያወጣ የአዳኝ ውሻ ነበር። ፀጉሩ ለዋና እንዳይከብደው ይሸለት ነበር፤ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የሚቀረው ፀጉር ከብርድ እንዲከልለው ነው ይባላል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በፓሪስ፣ በፖን ኔፍ ድልድይና በሴን ወንዝ ዳር፣ ውሻ እየሸለቱ የሚያድሩ ድሆች ነበሩ። ፈረንሳይኛው ለሸላች የሚጠቀምበት ቃል ሥሩ «ቶንድር» ነው፤ መሸለት ማለት። የእኛም ፀጉር ቤቶች የሚጠቀሙበት «ቶንዶስ» የተገኘው ከዚሁ ሥር ነው። አባቶቻችን ፒያሳ ላይ አንገታቸውን የሰጡት መሣሪያ ስሙን ከውሻ ሸላቹ ጋር ይጋራል። ማንም ግን በዚህ ፀጉሩን ሳይቆረጥ አልቀረም።

ሥራው ከባድ አይደለም፤ ሥርዓት ግን አለው። መጀመሪያ ማበጠር፣ ከዚያ ማጠብ ነው፤ የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይባስ ይጠብቃልና። ውሃው ለብ ያለ ይሁን። የሰው ሻምፑ አይሆንም፤ የውሻ ቆዳ ከሰው ቆዳ ያነሰ አሲድነት ስላለው ይደርቅበታል። ጆሮው ውስጥ ውሃ አይግባ። ጥፍር ሲቆረጥ በትንሽ በትንሹ ነው፤ ውስጡ የደም ሥር አለ። ከላይ ሻካራ፣ ከሥር ለስላሳ ድርብ ፀጉር ያለውን ውሻ፣ ለምሳሌ ሀስኪን፣ በበጋ «ሞቀው» ብሎ መላጨት ስሕተት ነው፤ ፀጉሩ ከሙቀትም ይከልለዋልና ማበጠር ይበቃዋል። ፀጉሩ የማያቋርጥ እድገት ያለውን ፑድል ወይም ሺትዙ ባለሙያ ቢያስተካክለው አልቃወምም። ባለሙያው ግን በወር አንዴ ነው የሚያየው። እብጠቱን፣ ቁስሉን፣ የሚሸተውን ጆሮ፣ ያነከሰውን እግር ቀድማ ማግኘት ያለባት በየዕለቱ የምትነካው እጅ ናት። ውሻው በበኩሉ በሰው እጅ መያዝን፣ አፉና መዳፉ መነካትን ይለምዳል። የጽሑፌ ዋና ነገር ይቺ ናት፦ የሚነካ ውሻ ሊያዝ ይችላል፤ ሊያዝ የሚችል ውሻ ሊከተብ ይችላል።

አሁን ወደ አገር ቤት። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሊያብድ ይችላል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶዎቹ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ኢትዮጵያ በሽታው ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ናት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ፓስተር» ሲባል ወዲያው የሚታወሰው ነገር አለ፤ የተነከሰ ልጅ፣ የምትሮጥ እናት፣ በተከታታይ ቀናት ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ። የተነከሰን ቦታ ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ሳይዘገዩ ክትባት መጀመር ነፍስ ያድናል። በሽታውን ከሥሩ የሚያቆመው ግን የውሾቹ ክትባት ነው፤ ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ሲከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

ታዲያ ማን ይዞ ያስከትባቸው? በግቢያችን ያለው ውሻ ቀን ታስሮ ሌሊት ይለቀቃል። ክፉ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ስለዚህ አይነካም። ባለቤቱም ቢሆን ምግቡን ገፋ አድርጎለት ይመለሳል። የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ውሻውን ይዞ የሚወጣ ሰው ይታጣል። የተረፈው ዘዴ አዲስ አበባ ለረጅም ጊዜ የምታውቀው ነው፤ መርዝ መወርወር። ውሾች በመርዝ ሲያልቁ ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ቦታውን ይይዛሉ፤ በሽታውም ይቀጥላል። ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ፣ በዓለም ላይ ለአካለ መጠን ከደረሱት ከ500 ያነሱ የቀሩለት የእኛ ብቻ የሆነ እንስሳ፣ ከቤት ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ አልቋል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል። እዚህ ላይ ግን ቀዳዳውን የከፈተው ውሻው አይደለም፤ እጁን የሰበሰበው ባለቤቱ ነው።

የምንታማበት የዳያስፖራው ድርሻም ከዚህ ይነሳል። አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ሐዋሳም ላይ በዶላር የተሠሩ ቤቶች አሉን። በየበራቸው ውሻ አለ። ለዘበኛው ደመወዝ እንልካለን፣ ለአጥሩ ሽቦ እንልካለን፣ ለካሜራው እንልካለን። ያንኑ ውሻ ግን ሰፈሩ ውስጥ የሚያልፉት የሰው ልጆች ናቸው የሚጋፈጡት፤ የተከተበ ይሁን ያልተከተበ የሚያውቅ የለም። ሚኒሶታ ላይ የልጆቹን ውሻ በ80 ዶላር የሚያሳጥብ ሰው አገር ቤት ያለውን ውሻውን ስሙን አያውቀውም። ፈረንጅ መሆን የሚባል ነገር ካለ እኔ ይህን ነው የምለው፦ በአንዱ አገር ውሻን እንደ አሻንጉሊት፣ በሌላው እንደ አጥር መያዝ፤ በሁለቱም ግን አለመንካት።

ውሻ ግዙ የሚል ስብከት የለኝም። ውሻ የማይፈልግ ሰው ባያሳድግ ምንም ነውር የለበትም፤ ከብዙዎቻችን የተሻለ ቅን ሰው ነው። ያሳደገ ግን እጁን አይሰስት። እዚህ ያላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ አንድ ፎጣ፣ አንድ ብሩሽ ይበቃችኋል፤ ልጆቻችሁንም አስይዟቸው፤ ስክሪን የማያስተምራቸውን ይማራሉ። አገር ቤት ላላችሁ ደግሞ ሥራው በውሃና በሳሙና አይጀምርም፤ ቡችላውን ከልጅነቱ በማስለመድ፣ ሲበላ አጠገቡ በመቀመጥ፣ አንገቱን በማሻሸት ይጀምራል። ቤት ሠርታችሁ በር ላይ ውሻ ያሰራችሁም በሚቀጥለው ስልክ ስትደውሉ ስለ ኪራዩና ስለ ቆርቆሮው ከጠየቃችሁ በኋላ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፦ ውሻው ተከትቧል ወይ? ማንስ ይነካዋል?